0.3 ገብቶ 0.3 ይውጣ፦ ለፓርኬ ፋይል አዲስ የነጥብ ቁጥር ኢንኮዲንግ መጨመር ምን ይጠይቃል?

ኮምፒውተርን 0.1 እና 0.2 ደምርልኝ ብትሉት 0.3 አይላችሁም። 0.30000000000000004 ይላችኋል። ኮድ መጻፍ የጀመረ ሁሉ አንድ ቀን ያጋጥመዋል፤ ይገረማል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። እኛ ግን ዛሬ ጭራው ላይ ያለችውን 4 ይዘን ራቅ ብለን እንሄዳለን። የነጥብ ቁጥሮችን በትንሽ ቦታ ለማስቀመጥ የሚሞክር ሁሉ የሚደናቀፈው እሷ ላይ ነውና።

ፓርኬ የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። ከወለሉ ፓርኬ ጋር ስሙ አንድ ነው። ትዊተርና ክላውዴራ የተባለው የዳታ ሶፍትዌር ኩባንያ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 የለቀቁት ሲሆን፣ ዛሬ በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ስር ያለ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነው። ብዙ ዳታ የሚያገላብጥ ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳ ሳይጠቀምበት አይቀርም። ከዳታ ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞች ስፓርክ ያነበዋል፣ ዳክዲቢ ያነበዋል፣ ፓንዳስም ያነበዋል።

ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ሠንጠረዥን ረድፍ በረድፍ ሳይሆን ዓምድ በዓምድ ይጽፋል። የሙቀት መለኪያ መሣሪያዎች የላኩት ዳታ አለን እንበል፤ ሰዓት፣ የመሣሪያ መለያ፣ ሙቀት። በተለመደው አጻጻፍ ሦስቱ ተራ በተራ እየተቀላቀሉ ይቀመጣሉ። ፓርኬ ግን መጀመሪያ ሰዓቶቹን ሁሉ፣ ቀጥሎ መለያዎቹን ሁሉ፣ ከዚያ ሙቀቶቹን ሁሉ ይደረድራል። አማካይ ሙቀት ብቻ የፈለገ ሰው ሌላውን ዓምድ ሳይነካ ያልፋል። ከዚህም በላይ፣ አንድ ዓይነት ነገር አንድ ላይ ሲቀመጥ ማሳነስ ይቀላል።

ኢንኮዲንግ የምንለው ይህንን የማሳነስ ዘዴ ነው። ማንኛውንም ፋይል ከሚያሳንሱት ከዚፕ ወይም ከዝስታንዳርድ ይለያል። እነዚያ የባይት ክምር ተሰጥቷቸው ድግግሞሽ ይፈልጋሉ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁም፣ ግድም የላቸውም። ኢንኮዲንግ ግን የያዘው ሰዓት ይሁን ስም ያውቃል። ሰዓት ከሆነ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። መለያው 50 ዓይነት ብቻ ከሆነ መዝገበ ቃላት ሠርቶ በእያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ተራ ቁጥር ያስቀምጣል። ተመሳሳይ ነገር ከተደጋገመ "ይህ 800 ጊዜ" ብሎ ያልፋል። ሙሉ ቁጥርና ጽሑፍ በፓርኬ ውስጥ በዚህ በኩል በደንብ ተይዘዋል።

የነጥብ ቁጥር ግን ለዓመታት የእንጀራ ልጅ ነበር። አልፕ የሚባል አዲስ ኢንኮዲንግ እንዲጨመርለት ሐሳብ የቀረበው ለዚህ ነው፤ የዛሬ ጉዳያችንም እሱ ነው።

64 ቢት ውስጥ ያለው ጫጫታ

የነጥብ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው አይትሪፕልኢ 754 በተባለ ደረጃ መሠረት ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ዳብል የሚባለው 64 ቢት ነው። 1 ቢት ለምልክቱ (ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ)፣ 11 ቢት ለመጠኑ፣ 52 ቢት ለዝርዝር አሃዞቹ።

ችግሩ ያለው 52ቱ ውስጥ ነው። አንድን ለሦስት አካፍሉ፤ 0.3333 እያለ አያልቅም። እኛ በአስር ስለምንቆጥር ነው። ኮምፒውተር በሁለት ስለሚቆጥር ደግሞ 0.1 ራሱ ለእሱ የማያልቅ ቁጥር ነው። ስለዚህ 52ኛው ቢት ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቁጥር ትክክለኛው 0.1 ሳይሆን የቅርብ ጎረቤቱ ነው።

አሁን መሣሪያው 20.15 እና 20.16 ልኳል እንበል። ለእኛ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩት በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነው። በሁለትዮሽ ሲጻፉ ግን ፊታቸው ተመሳስሎ ከመሃል ጀምሮ እስከ ጫፍ የተበታተነ የ0 እና 1 ዝርዝር ይሆናሉ። ያ ሁሉ ጭራ ምንም አዲስ መረጃ የለውም። "ሃያ ነጥብ አሥራ ስድስት" ለማለት አራት አሃዝ በቂ ነበር። ዝስታንዳርድ ግን ይህን አያውቅም። ድግግሞሽ ፈልጎ ያጣል፣ እጁን አጣጥፎ ይመለሳል።

እስካሁን ፓርኬ ምን ነበረው? አንደኛው ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ ነው፤ ለአንድ ቁጥር 8 ባይት። ሁለተኛው መዝገበ ቃላቱ ነው፤ ጥቂት ዓይነት ቁጥሮች ከተደጋገሙ ግሩም ነው፣ ካልተደጋገሙ መዝገቡ ከነተራ ቁጥሮቹ ከዳታው ይበልጣል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው የባይት መለያያ ዘዴ ነው። ይህ የሁሉንም ቁጥሮች አንደኛ ባይት አንድ ላይ፣ ሁለተኛ ባይታቸውን አንድ ላይ እያደረገ ይደረድራል። ብቻውን አንድ ባይት እንኳ አይቀንስም። ግን ፊት ላይ ያሉት ተመሳሳይ ባይቶች ስለሚጎራበቱ ከኋላ የሚመጣው ዝስታንዳርድ ሥራው ይቀለዋል። ሌሎች አጥብቀው የሚወዱት ዘዴ ነው፤ እኔም አልጠላውም። ጭራው ላይ ያለውን ጫጫታ ግን አይነካውም።

ከፓርኬ ውጭ ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ጎሪላ ስለሚባል የመረጃ ቋቱ ጽሑፍ አሳተመ። የጎሪላ ዘዴ እያንዳንዱን ቁጥር ከቀዳሚው ጋር ቢት በቢት አነጻጽሮ ልዩነቱን ብቻ ይጽፋል። በ2022 ደግሞ ይህንን ያሻሻለ ቺምፕ የሚባል መጣ። (ስም አወጣጡ ላይ አስተያየት የለኝም።) የዚህ ቤተሰብ ድክመት አንድ ነው። አምስተኛውን ቁጥር ለማወቅ አራተኛውን፣ አራተኛውን ለማወቅ ሦስተኛውን መፍታት አለባችሁ። የዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ የሚወደው በአንድ ትእዛዝ ስምንት ቁጥር ጎን ለጎን መሥራት ነው። ወረፋ አይወድም።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስታወስ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አምስተርዳም ከሚገኘው የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም አልፕ የሚባል ዘዴ ወጣ። አዘጋጆቹ አዚም አፍሩዜ፣ ሊዮናርዶ ኩፎ እና ፒተር ቦንዝ ናቸው። ተቋሙ ፓይተን የተወለደበት ቤት ነው፤ ዳክዲቢም ከዚያው ነው የወጣው። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ዳክዲቢ አልፕን በራሱ የፋይል አቀማመጥ ውስጥ አስገባው። ለፓርኬ የቀረበው ሐሳብም ይኸው ዘዴ ነው።

ሐሳቡ ከአንድ ትዝብት ይነሳል። አብዛኛው የነጥብ ቁጥር ተብሎ የተቀመጠ ዳታ መጀመሪያ አስርዮሽ ነበር። ሰው ወይም መሣሪያ የጻፈው 20.15 ነው። ዋጋ፣ ሙቀት፣ የቦታ መገኛ፣ መቶኛ፣ ሁሉም ከነጥብ በኋላ ጥቂት አሃዝ ይዘው የተወለዱ ናቸው። ጫጫታው የመጣው ወደ ሁለትዮሽ ሲገለበጡ ነው። እንግዲያው ወደ ተወለዱበት እንመልሳቸው።

አራት ቁጥር እንውሰድ። 20.15፣ 20.31፣ 19.98፣ 20.07። በ100 ስናባዛቸው 2015፣ 2031፣ 1998፣ 2007 ይሆናሉ። ሙሉ ቁጥር ሆኑ። ትንሹ 1998 ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ ጻፉና ከሁሉም ቀንሱት። 17፣ 33፣ 0፣ 9 ይቀራሉ። ትልቁ 33 ስለሆነ ለእያንዳንዱ 6 ቢት ይበቃል። ከ64 ወደ 6 ወረድን ማለት ነው።

አልፕ የሚሠራው በ1024 ቁጥሮች ቡድን ነው። እንዳለ ሲጻፍ አንድ ቡድን 8192 ባይት ይይዛል። በ6 ቢት ሲታሸግ 768 ባይት ይሆናል፤ ላዩ ላይ ትንሽ የራስጌ መረጃ ይጨመርበታል። አንዱ ቁጥር በሌላው ላይ ስለማይንጠለጠል ሁሉንም ጎን ለጎን መፍታት ይቻላል። 700ኛውን ብቻ የፈለገም የት እንዳለ አስልቶ ቀጥታ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ የትምህርት ቤት ሒሳብ ይመስላል። "ለዚህ ነው እንዴ ምርምር የተጻፈው?" ያላችሁ ካላችሁ እውነታችሁን ነው። ግን ያቺን 4 አስታውሱ።

3 ሲባዛ በ0.1

የዚህ ዓይነት ኢንኮዲንግ አንድ የማይደራደሩበት ሕግ አለው። የገባው ቢት በቢት መውጣት አለበት። "ይቀራረባል" የሚባል ነገር የለም። ዳታውን ያስቀመጠው ሰው አደራ ነው የሰጠው። 64ቱ ቢት አንዷ ሳትዛነፍ መመለስ አለባት።

0.3ን እናስቀምጥ። በ10 ስናባዛ 3። ቆንጆ። ለመመለስ 3ን በ0.1 እናባዛለን። ኮምፒውተሩ 0.30000000000000004 ይላል። አደራው ፈረሰ።

ለምን? ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው 0.1 ከእውነተኛው 0.1 በጥቂቱ ይበልጣል። ያ ትርፍ በ3 ሲባዛ ውጤቱ በሁለት ጎረቤታሞች ትክክል መሃል ላይ ያርፋል። የማጠጋጋት ሕጉ ደግሞ ወደ ላይኛው ይገፋዋል።

አልፕ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ መጀመሪያ ሲያዩት እብደት ይመስላል። በ10 ከማባዛት ይልቅ መጀመሪያ በ100 ትሪሊዮን ያባዛል፣ ማለትም 1 እና 14 ዜሮ። 0.3 በዚህ ሲባዛ 30 ትሪሊዮን ይመጣል። ከዚያ የ13 ዜሮውን ጭራ ይቆርጣል። 3 ይቀራል። ይህችን 3 ነው የሚያስቀምጠው። ሲመልስ በተቃራኒው ነው፤ 3ን በ10 ትሪሊዮን ያባዛል፣ ከዚያ በመቶ ትሪሊዮንኛ ያባዛል። አሁን የሚወጣው 0.3 ነው፤ ያው መጀመሪያ የገባው፣ ቢት በቢት።

ልዩነቱ የት ነው? መቶ ትሪሊዮንኛም እንደ 0.1 ሁሉ በሁለትዮሽ የማያልቅ ቁጥር ነው። ግን በአጋጣሚ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ የሚቀረው ትርፍራፊ እጅግ ትንሽ ነው። ከመጠኑ አንጻር ሲታይ ስህተቱ ከ0.1 ስህተት ከ40 እጥፍ በላይ ያንሳል። በወረቀት ላይ አስልቼ እስካየው ድረስ እኔም አላመንኩም ነበር። ተፈጥሮ ያስቀመጠችው አይደለም፤ የ2 እና የ10 ርቢዎች እዚያች ቦታ ላይ ተገናኝተው እንጂ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ይመረጣሉ። ስንት ዜሮ ልጨምር? ከዚያ ስንት ዜሮ ልቁረጥ? ጥምረቶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁሉንም መሞከር ጊዜ ይበላል። ስለዚህ አልፕ መጀመሪያ ከሰፊው ዳታ ናሙና ወስዶ ጥቂት ጥሩ እጩዎች ያወጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ከእጩዎቹ መካከል ብቻ ይመርጣል። የአንድ ዓምድ ቁጥሮች ባሕርይ ስለሚመሳሰል ይህ በቂ ነው።

እምቢ ያለ ቁጥርስ? ይኖራል። ከመቶዎቹ ንባቦች መሃል አንዱ 20.153846153846153 ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቁጥር ካሸገ በኋላ ወዲያው ፈትቶ ያየዋል። ካልገጠመ ከመስመር ያወጣዋል። ያፈነገጠው ቁጥር ከነ64 ቢቱ፣ ከነቦታው አድራሻ ለብቻ ይጻፋል። አድራሻው 16 ቢት ነው፤ ስለዚህ አንድ አፈንጋጭ 10 ባይት ይፈጃል። በ768 ባይት ቡድን ላይ አምስት ቢኖሩ 50 ባይት ተጨመረ። ይቻላል። በዋናው መስመር ላይ የእሱ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ከሌሎቹ የአንዱ ሙሉ ቁጥር ይሞላበታል፤ አለበለዚያ አንድ እንግዳ ቁጥር 6 ቢቱን ወደ 60 ሊያሳብጠው ይችላል።

አብዛኛው ቁጥር ካፈነገጠስ? ያን ጊዜ ዳታው መጀመሪያም አስርዮሽ አልነበረም ማለት ነው። ከረጅም ስሌት የወጣ፣ ወይም የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ክብደት ይሆናል። ለዚህ አልፕ ሁለተኛ ፊት አለው። 64ቱን ቢት ግራና ቀኝ ይከፍላል። ግራው (ምልክቱና መጠኑ ያሉበት) ስለሚደጋገም በትንሽ መዝገበ ቃላት ያስገባዋል፤ ቀኙን እንዳለ ይተወዋል። ቁጠባው መጠነኛ ነው። እኔ ብጠየቅ ይህንን ክፍል ለሁለተኛ ዙር አቆየው ነበር። የመጀመሪያው ፊት ብቻውን የሥራውን ትልቅ ድርሻ ይሠራል፤ ወደ ፋይል ደረጃ የገባ ነገር ደግሞ አይወጣም።

አይወጣም ስል

አንድ ዳታቤዝ የራሱን ውስጣዊ አቀማመጥ ሲለውጥ ችግሩ የራሱ ነው። ነገ ካልወደደው ይቀይረዋል። ፓርኬ ግን ፕሮግራም አይደለም፤ ፋይሉ እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግግ ሰነድ ነው። ሰነዱን አንብበው ጃቫ፣ ሲፕላስፕላስ፣ ረስት፣ ጎ እና ሌሎችም ላይ የየራሳቸውን አንባቢና ጸሐፊ የሠሩ ሰዎች አሉ። ዛሬ የተጻፈ ፋይል ከ15 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በጻፈው ኮድ ይከፈታል።

በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ኢንኮዲንግ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ 0 ነው። ዝርዝሩ እስከ 9 ሲደርስ፣ 9 ያ ባይት መለያያው ነው። ቀጥሎ ያለው 10 ነው። የሚገርመው 1 የለም። ድሮ ለአንድ ኢንኮዲንግ ተሰጥቶ ነበር፤ ማንም ሳይጠቀምበት ተሰረዘ። ቁጥሩ ግን ለሌላ አይሰጥም። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ጽፎት ቢሆንስ? ለዘላለም ባዶ ወንበር ሆኖ ይቀራል።

ሰነዱ ላይ አንድ ነገር ሳይጠራ ከቀረ ምን እንደሚሆን ፓርኬ ራሱ በደንብ ያውቀዋል። ኤልዜድ4 የሚባለውን እንደ ዚፕ ያለ የማሳነሻ ዘዴ ሲያስገቡ ሰነዱ ስሙን ጠራ እንጂ ባይቶቹ በትክክል እንዴት እንደሚታሸጉ አላብራራም። የጃቫው ወገን ሃዱፕ ከሚባለው የቀደመ የትልቅ ዳታ ሥርዓት የወረሰውን የራሱን መጠቅለያ ጨመረበት። ሲፕላስፕላሱ ሌላ አደረገ። ሁለቱም "ኤልዜድ4 ነው" ይላሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። በመጨረሻ አሮጌው እንዳትጠቀሙበት ተብሎ ምልክት ተደረገበትና እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ ቁጥር ያለው፣ በትክክል የተጻፈ አዲስ ኤልዜድ4 ገባ። አሮጌውም እስከዛሬ ዝርዝሩ ላይ አለ። ከፋይሉ ጋር አብሮ ያረጃል።

አሁን ይህንን በአልፕ ላይ እንየው። "በ10 ትሪሊዮን አባዛ፣ ከዚያ በመቶ ትሪሊዮንኛ አባዛ" ብለን ነበር። አንድ ብልህ ፕሮግራመር ይህንን ያነብና "ይሄማ በ10 ማካፈል ነው፤ ለምን ሁለት ጊዜ አባዛለሁ?" ይላል። በሒሳብ ልክ ነው። በኮምፒውተር ግን 3 ሲካፈል ለ10 የሚያወጣው ቢትና 3 ሲባዛ በ0.1 የሚያወጣው ቢት ይለያያል። ጸሐፊው ፈትቶ ያረጋገጠው በማባዛት ከሆነ፣ አንባቢው በማካፈል ቢፈታ አንዳንድ ቁጥር ጭራው ላይ ሊዛነፍ ይችላል። ስህተት የሚባል መልእክት አይመጣም። ፕሮግራሙ አይወድቅም። ቁጥሩ ብቻ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሰነዱ የሒሳቡን ውጤት ሳይሆን የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል ማዘዝ አለበት። መጀመሪያ ይህን አባዛ፣ ዳብል አድርገህ አስቀምጥ፣ ከዚያ ያንን አባዛ። እርምጃዎቹን አታዋህድ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም በራሱ ጊዜ "ላፍጥንልህ" ብሎ እንዳያገጣጥማቸው መከልከል አለበት። ጃቫ ራሱ ከ17ኛው እትም በፊት ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር በአንዳንድ ማሽን ላይ መሃል ላይ ያለውን ስሌት ከ64 ቢት ውጭ በሰፋ መጠን እንዲሠራ ይፈቀድለት ነበር።

በአንጻሩ የጸሐፊው ወገን ነጻነት አለው። የትኛውን ጥምረት ይምረጥ፣ ናሙናውን እንዴት ይውሰድ፣ በምን ዘዴ ያጠጋጋ፣ ሰነዱ ባያዘው ይሻላል። በደንብ ያልመረጠ ጸሐፊ ፋይሉ ይተልቅበታል እንጂ አይበላሽም። ማጠጋጋቱን ካነሳን አይቀር፣ አንድ የሚያስቅ ዘዴ አለ። ዳብልን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ለማጠጋጋት 6755399441055744 ትደምሩበትና መልሳችሁ ትቀንሱታላችሁ። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ላለው ቦታ አይቀርም፤ ክፍልፋዩ በራሱ ይረግፋል። ከተለመደው የማጠጋጊያ ፋንክሽን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈጥነው ይሄ ነው።

ዜሮ ሁለት ነው

ሙከራ ሲጻፍ ሁሉም ሰው የሚረሳቸው ሦስት እንግዶች አሉ።

አንደኛው ኔጌቲቭ ዜሮ ነው። አዎ፣ በአይትሪፕልኢ 754 ደረጃ መሠረት ዜሮ ሁለት ነው፤ 0.0 እና -0.0። ሲወዳደሩ እኩል ናቸው። ቢታቸው ግን አይደለም፤ 1ን ለ0.0 ስታካፍሉ ፖዘቲቭ ወሰን አልባ፣ ለ-0.0 ስታካፍሉ ኔጌቲቭ ወሰን አልባ ይወጣል። አልፕ -0.0ን ሙሉ ቁጥር ሲያደርገው ተራ 0 ይሆናል። ሲፈታው 0.0 ይመጣል። ጸሐፊው "እኩል ናቸው?" ብሎ በተለመደው ምልክት ከጠየቀ አዎ ይባላል። ምልክቷ ጠፋች። ስለዚህ ማነጻጸሩ በቁጥሩ ሳይሆን በ64ቱ ቢት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ናን ነው፤ "ቁጥር አይደለም" ማለት ነው። ዜሮን ለዜሮ ስታካፍሉ የሚመጣው። ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። የሚወክለው ሙሉ ቁጥርም ስለሌለ ሁልጊዜ ያፈነግጣል፤ ማፈንገጡም ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በፊት፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ለመቀየር ሲሞከር ነው። ጃቫ ናንን ወደ ሙሉ ቁጥር ሲቀይር 0 ይላል። ረስትም 0 ይላል። ሲፕላስፕላስ ላይ ግን ውጤቱ በቋንቋው ሕግ ያልተወሰነ ነው፤ ምንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቀየሩ ከመሞከሩ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ወሰን አልባው ነው፤ የእሱም ጣጣ ያው ነው።

ናን በብዛት ባለበት ዳታ ላይ አንድ ምክር። ንባብ የሌለበትን ቦታ በናን የሚሞሉ ሰዎች አሉ። በአልፕ ውስጥ እያንዳንዱ ናን 10 ባይት ይበላል፤ እንዳለ ቢጻፍ ከሚበላው 8 ይበልጣል። ፓርኬ ለ"የለም" የራሱ ምልክት አለው፣ በጣም ርካሽም ነው። እሱን ተጠቀሙ።

ሌላም ብዙ የማይወራለት ነገር አለ፦ ተንኮለኛ ፋይል። አንባቢው ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ካመነ "ያፈነገጠው ቁጥር 5000ኛው ቦታ ላይ ነው" የሚል ሊመጣበት ይችላል፣ ቡድኑ ግን 1024 ብቻ ነው። ሳያጣራ የጻፈ ፕሮግራም ከሜሞሪው ውጭ ይጽፋል። ይህ ደግሞ ሰርጎ ገቦች የሚፈልጉት ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የቢት ስፋቱ ከ64 አይበልጥም፣ አድራሻው ከቡድኑ አይወጣም፣ የዜሮዎቹ ቁጥር ከተፈቀደው አያልፍም እየተባለ እያንዳንዱ ወሰን ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ይህ ሁሉ ልክ መሆኑ የሚታወቀው እንዴት ነው? ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሁለት ቋንቋ፣ አንዱ የሌላውን ኮድ ሳይገለብጥ ከሰነዱ ብቻ ተነስተው ሲሠሩት ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነባል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የፓርኬ ማኅበረሰብ አዲስ ነገር ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ ሁለት እርስ በርስ የሚነባበቡ አተገባበሮችን ይፈልጋል። የሙከራ ፋይሎችም በጋራ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ነገ በሌላ ቋንቋ የሚመጣ ሰው እነሱን ከፍቶ ራሱን ይፈትናል። በእኔ እይታ ከኮዱ ሁሉ ዋጋ ያላቸው እነዚህ ፋይሎች ናቸው። ሰነድ አሻሚ ሊሆን ይችላል፤ ባይት አሻሚ አይሆንም።

ለእናንተ መቼ ይጠቅማል?

ዓምዳችሁ የመሣሪያ ንባብ፣ የቦታ መገኛ፣ ወይም በዳብል የተቀመጠ ዋጋ ከሆነ ይጠቅማችኋል። ዋጋ ስል ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከነጥብ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ እንዳለው ካወቃችሁ መጀመሪያውኑ በዳብል አታስቀምጡት። ፓርኬ የአስርዮሽ ዓይነት አለው፤ ከጀርባው ሙሉ ቁጥር ነው። አልፕ የሚያደርገውን እናንተ ቀድማችሁ አደረጋችሁት ማለት ነው፣ ያቺ 4ም አትመጣም።

የሞዴል ክብደት ወይም ኢምቤዲንግ (ሞዴል የጽሑፍን ወይም የምስልን ትርጉም የሚወክልበት የቁጥር ዝርዝር) ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። ባይት መለያያውና ዝስታንዳርድ አንድ ላይ ሆነው ተመጣጣኝ ውጤት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ዓምዱ ውስጥ ያለው 12 ዓይነት ቁጥር ብቻ ከሆነም መዝገበ ቃላቱ ያሸንፋል፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ አልፕን መምረጥ ፋሽን መከተል ነው። በራሳችሁ ዳታ ላይ አንድ ዓምድ ሞክሩና መጠኑንም፣ የማንበቢያ ጊዜውንም ለኩ። ብዙ ሰው መጠኑን ብቻ አይቶ ይቆማል፤ የአልፕ ትልቁ ጥቅም ግን የመፍታት ፍጥነቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፋይሉን ማን እንደሚያነበው ጠይቁ። አዲስ ኢንኮዲንግ ያለው ፋይል በአሮጌ ላይብረሪ አይነበብም፣ መፍትሔም የለውም። ትናንት የተጻፈ ኮድ ዛሬ የተፈጠረን ዘዴ ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ነገር በሰነዱ ላይ ከጸደቀ በኋላም ላይብረሪዎች ውስጥ በነባሪ ተዘግቶ የሚቆየው። መጀመሪያ አንባቢዎች ሁሉ እንዲያውቁት ይደረጋል። ጸሐፊዎች በራሳቸው ጊዜ መጠቀም የሚጀምሩት በጣም ቆይተው ነው፤ እስከዚያ የፈለገ ሰው ራሱ ያበራዋል።

አሮጌው አንባቢ እንዲህ ያለ ፋይል ሲሰጠው ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ፋይሉ ይዘት የተጻፈውን መረጃ፣ ይከፍታል። ሰዓቱን ያነባል፣ መለያውን ያነባል። ሙቀት ዓምድ ላይ ሲደርስ 10 የሚል ቁጥር ያያል፤ ዝርዝሩን ያገላብጣል፣ የለም። "ይህን ኢንኮዲንግ አላውቀውም" ብሎ ያቆማል። ግምት አይሰጥም፣ ለመሞከርም አይነሳም።